ሽንፋ ዳር ያለው ቅርስ ግንብ የለውም

መተማ ሲነሳ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ ይታወሳል። ይገባልም። ከዚያ እጅግ የሚቀድም ታሪክ ግን በዚያው አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ተቀብሮ ኖሯል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» የተሰኘው የሳይንስ መጽሔት እንዳስነበበው፣ ሽንፋ መተማ 1 በተባለው ስፍራ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ኖረዋል። ያን ጊዜ ሱማትራ ላይ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ብናኝ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ የመስታወት ስባሪ ሆኖ እዚሁ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ሲደርቅ ነዋሪዎቹ አልጠፉም፤ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣ አብዝተው በሉ። ትንንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ደግሞ የቀስት ፍላጻ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

ይህ ቅርስ ግን እንደ ፋሲል ግንብ ከሩቅ አይታይም። በሰሊጥ አገር ለሚያርስ ሰው ስባሪ ድንጋይና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው፤ ትራክተርም ጎርፍም አይራሩለትም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ቅርስ መሆኑን ማን ነግሮት ያሳውቅ? ገበሬውን መውቀስ አይቻልም።

ስለዚህ የቅርስ ባለሥልጣንና የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች ቦታውን ይከልሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ያቁሙ፣ የግኝቶቹን ቅጂ በአቅራቢያው ላለችው ለገንዳ ውሃ ከተማ ተማሪዎች ያሳዩ። ሥራው ከመጪው የእርሻ ወቅት በፊት ይጀመር።