ለውሻችሁ ሳንባ ከመወርወራችሁ በፊት



ፋሲካ እየደረሰ ነው። የበግ ዋጋ የየቤቱ ወሬ ሆኗል፣ የቅርጫ ማኅበርተኞችም መዋጮ መሰብሰብ ጀምረዋል። ሁሉም ስለ ሥጋው ሲያወራ እኔ ዛሬ ስለ ውሻው ላወራ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ለውሻችን ስለምንወረውርለት ነገር።

ገና ከአሁኑ "ቲቸር፣ ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለውሻ ምግብ መምረጥ ቅንጦት አይደለም ወይ?" የሚል ኮመንት እየታየኝ ነው። ጥያቄውን አልንቀውም። በመምህር ደመወዝ እየኖርኩ የኑሮ ውድነት አይገባኝም ብል ማን ያምነኛል? ግን እኔ የምለው ምርጫ ብዙ ብር የሚጠይቅ አይደለም። በአብዛኛው "ምን ልግዛለት?" ሳይሆን "ምን አልስጠው?" የሚል ነው። ደግሞ ባለመምረጣችን ዕዳውን የሚከፍለው ውሻው ብቻ አይደለም። ከውሻው ጋር ግቢ ውስጥ አፈር ላይ የሚጫወተው ልጅም ጭምር ነው።

ፈረንጆች "ትሪት" የሚሉት ነገር አለ። ከመደበኛው ምግብ ውጪ ውሻውን ለማስደሰት ወይም ለማሠልጠን የሚሰጥ ትንሽ ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ "ጉርሻ" ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። ጉርሻ ደግሞ ወግ አለው። የምንወደውን ሰው ስናጎርስ ከትሪው ደህናውን መርጠን፣ በልኩ ጠቅልለን ነው። ለውሻ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰው የተጸየፈው፣ የተበላሸው፣ የሚጣለው ሁሉ "ለውሻ ስጡት" ይባላል። የዛሬ ጸቤ ከዚህች አባባል ጋር ነው።

ከሳንባው እንጀምር።

የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሽንፍላው ሁሉ ፈላጊ አለው። ሳንባውን ግን አብዛኛው ሰው አይፈልገውም። ጉበቱ ላይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ "ይሄ ታሟል፣ ለውሻ ስጡት" ይባልና ይወረወራል። ውሻውም ጭራውን እየቆላ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተራ እብጠት ላይሆን ይችላል። ኢካይኖኮከስ ግራኑሎሰስ የሚባል የኮሶ ትል ዝርያ እጭ የሚያድግበት ቤት ሊሆን ይችላል። በሽታው ሃይዳቲድ ይባላል። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች የትሎችን የሕይወት ዑደት ሰሌዳ ላይ በቀስት እያያያዝን ስንስል ታስታውሳላችሁ። ይሄኛው እንዲህ ነው፦

ውሻው ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት በጥሬው ይበላል። እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጉና ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ አያመውም፣ አይከሳም፣ ምንም አይታይበትም። ከሳምንታት በኋላ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር የትሉን እንቁላሎች ማውጣት ይጀምራል። እንቁላሎቹ በዓይን አይታዩም። ሣሩ ላይ ይቀራሉ፣ በጉና በሬው ግጦ ይውጣቸዋል፣ ጉበቱና ሳንባው ላይ ከረጢት ይሠራሉ። በዓል ሲመጣ ያ በግ ይታረድና ሳንባው ተመልሶ ለውሻው ይወረወራል። ዑደቱ ተዘጋ።

ሰው የሚገባው በስህተት ነው። እንቁላሎቹ የውሻው ጸጉር ላይ ይጣበቃሉ፣ አፈሩ ላይ ይኖራሉ፣ ባልታጠበ ሰላጣና ጎመን ላይም ሊገኙ ይችላሉ። ልጁ ውሻውን ያሻሻል፣ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን። እንቁላሉ ከገባ በኋላ በብዛት ጉበት ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባ ላይ ከረጢት ይሠራና ዓመታት እየፈጀ ቀስ ብሎ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። አልቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒትም ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። ከረጢቱ ሰውነት ውስጥ ከፈነዳ ሕይወት እስከሚያሳጣ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ላጥራ። "ጥሬ ሥጋ ስለምንበላ ነው" የሚል አለ። አይደለም። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የምናውቀው ረጅሙ ኮሶ ነው። ሃይዳቲድ ግን ወደ ሰው የሚመጣው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ሊይዘው ይችላል።

"አባቶቻችን ለውሻ ሳንባ ሲሰጡ ኖረው ምን ሆኑ?" ለሚለኝም መልስ አለኝ። ከረጢቱ ዓመታት ስለሚፈጅ ማንም የዛሬውን ሕመም ከዛሬ አሥር ዓመቱ ውሻ ጋር አያገናኘውም። "ጉበቱን አሞት ሞተ" ይባላል፣ በቃ። በአገራችን ቄራዎች ይህ ከረጢት በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ በተደጋጋሚ ይገኛል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ ድንበር ተሻግሮም በኬንያ ቱርካና፣ በሽታው በሰው ላይ በጥናት ተመዝግቧል። አዲስ ፈረንጅ ያመጣው ወሬ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሻውን ማባረር ወይም መርዝ ማብላት እንዳትሉኝ። ውሻው ሳንባውን ራሱ አርዶ አላመጣውም፣ የሰጠነው እኛ ነን። መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳንባና ጉበት ለውሻ የምትሰጡ ከሆነ ቆራርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አፍሉት። የከሰል ዋጋ አስቸገረን ካላችሁ አትስጡት፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሁለተኛ፣ እርድ ሲኖር ውሻውን እሰሩት። የሰፈሩ ውሾችም እንዳይጠጉ ልጆችን ሳይሆን አንድ አዋቂ ሰው አቁሙ። ሦስተኛ፣ ውሻውን የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ የኮሶ መድኃኒት አስጀምሩት። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ይህን ትል ይገድላል። በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ ወደ ወጡ።

"እኔ ሳንባ አልሰጥም፣ ቤት የበላነውን ነው የምሰጠው" የምትሉ ብዙ ናችሁ። ጥሩ። ግን ወጣችን የሚጀምረው በምንድን ነው? በሽንኩርት! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል። ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ ሊመረዝ ይችላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም ማለት ነው፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆንም ይጠራቀማል። ድዱ ከነጣ፣ ከደከመ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወደ ሐኪም ነው። ጾሙን 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ የከረመ ውሻ፣ የፋሲካ ዕለት ደግሞ ቅባትና ጮማ በአንዴ ሲወረወርለት ቢያስመልሰው፣ ቢያስቀምጠው፣ ቆሽቱ ቢቆጣ ምኑ ይገርማል?

የዶሮ ወጡን አጥንትም እዚሁ ላይ ላንሳ። የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። "ውሻና አጥንት" ሲባል ኖሯል፣ አዎ፣ ግን ተቀቅሎ የወጣ የዶሮ አጥንት ለውሻ ጉርሻ ሳይሆን ወጥመድ ነው።

ሌሎችም አሉ። ከውጭ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ የሚመጣው ቸኮሌት ውስጥ ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር አለ። የእኛ ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል፣ የውሻ ግን ይቆይበታል። ቸኮሌቱ በጠቆረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ቡናም ያው ነው፣ አተላውንም ጨምሮ። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ሊያቆሙት ይችላሉ፣ ትንሽም ቢሆን አትሞክሩት። ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካ ውስጥ ዛይሊቶል ካለ የውሻውን የደም ስኳር በፍጥነት ይጥለዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ለድፎ ዳቦ የተቦካ ሊጥ ክዳን ሳይደረግበት ከቀረና ከበላው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ማቡካቱን ይቀጥላል። ሆዱን ይነፋዋል፣ አልኮሉም ያሰክረዋል። የጠላ አተላም እንደዚያው።

"ቲቸር፣ ታዲያ ምን ይብላ?" አላችሁ መሰለኝ።

ቀላል ነው። የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭ። ጨው፣ ቅባትና ቅመም ያልገባበት የተቀቀለ ሥጋ፣ ከአጥንት የተለየ። ካሮት፣ ጥሬም ይሆናል። የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች ወይም ዱባ። ፍሬው የወጣለት ፖም፣ ትንሽ ሙዝ። ከቡና ጋር ለተቆላው ፈንዲሻ ስኳርና ጨው ሳይጨመርበት ጥቂት ፍሬ ብታነሱለት ችግር የለውም። ወጥ ያልነካው እንጀራም በልኩ ይሆናል። ወተት ለብዙ ትልልቅ ውሾች አይስማማም፣ ያስቀምጣቸዋል።

ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የታሸገ የውሻ ጉርሻ አልቃወምም። አቅም ያለው ይግዛ፣ የሚያበቃበትን ቀንና የተሠራበትን ነገር ያንብብ። ግን የተቀቀለ እንቁላል ከእሱ ያንሳል ብሎ የሚያፍር ሰው ካለ አይፈር።

ስለ ልኩ ደግሞ። የእንስሳት ሐኪሞች ጉርሻ ከውሻው የቀን ምግብ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ለሥልጠና ከሆነ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው እንጂ ምን ያህል እንደተሰጠው አይደለም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ፓቭሎቭን አስታወሳችሁ? በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ሥራው ነበር፣ ስሙ የቀረው ግን በውሾቹ ምራቅ ነው። ውሻ ሁለት ነገር የሚያያይዘው ተከታትለው ሲመጡ ነው። "ተቀመጥ" ብላችሁት ሲቀመጥ ወዲያው ስጡት። ኩሽና ሄዳችሁ ፈልጋችሁ እስክትመለሱ ከቆያችሁ ሽልማቱ ለመቀመጡ መሆኑ ቀርቶ ለመነሳቱ ይሆናል።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባላል። እኛ ዘንድ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ይጠብቃል፣ እኛ እንተኛለን። ለዚህ አገልግሎት የሚገባው ደመወዝ የታመመ ሳንባ ነው ብዬ አላምንም። እሺ፣ የውሻው ጉዳይ አያሳስበኝም የሚል ሰውም ቢኖር፣ ስለ ልጁ ሲል ይስማኝ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ ያው ልማዴ ነው። በዘንድሮው ቅርጫችሁ ቢላ የሚስል ሰው እንደምትመድቡ ሁሉ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ሰውም መድቡ። ጉድጓዱ በሬው ከመጣሉ በፊት ይዘጋጅ። ሳንባውም፣ ከረጢት ያለበት ጉበትም፣ የሚጣለው ሁሉ እዚያ ይግባ፣ አፈር ይመለስበት። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። "ለውሻ ስጡት" የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ፣ በትህትና "አይ ጋሼ፣ ይሄማ ይቀበራል" በሉ። ለምን? ካሏችሁ ቀስቶቹን መሬት ላይ በእንጨት ሥላችሁ አስረዱ። ያስተማርኳችሁ ልጆች እንደምትችሉ አውቃለሁ።

የቅርጫ ግሩፕ ያላችሁ እዚያ ላይ ሼር አድርጉት። የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ የምትጨምሩት ካለ ኮመንት ላይ ጻፉ፣ እኔም እማራለሁ።

መልካም በዓል! እጃችሁን ታጠቡ!