ካምቢዮው አልቆለታል?

በአዳማና ከዚያ ወዲያ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይግባኝ የሌለው አንድ ፍርድ አለ። «ካምቢዮው አልቆለታል» ይባላል። ፍርዱ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት፣ መኪናው ሁለት ሜትር ወደፊት ሁለት ሜትር ወደኋላ ከተነዳ በኋላ ነው። ተከሳሹ ያረጀ ኦቶማቲክ ፒክአፕ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ከመቂ ሽንኩርት፣ ከባቱ ቲማቲም እየጫነ ልጆች የሚያሳድግ ሰው። ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ወይ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት፣ ወይ ኦቶማቲኩን አስወጥቶ ማኑዋል ማስገጠም። ሁለቱም ቤት ያናጋሉ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልብ ወለዱን ሳያነቡ ሂስ ጽፈው የሚያመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ዜሮ አሸክሜ እሸኛቸው ነበር። የጋራዡን ሐያሲ ግን ከፍለን፣ አመስግነን ነው የምንሸኘው።

እስቲ ምን ሳይነበብ እንደቀረ እንመልከት። በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ነው። በኦቶማቲኩ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ያስተላልፋል፣ ፍሪሲዮኖቹን በግፊት ያጨብጣል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። ይህ ዘይት ሲጎድል ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። እኛ ይህን «አለቀ» ብለን እንተረጉመዋለን። ጎድሎ ብቻ ሊሆን ይችላል እኮ!

ስለዚህ አስቀድሞ የዘይት መለኪያው ይመዘዝ። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ የሚደረገው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ ማርሹም በሁሉም ቦታ አልፎ ከተመለሰ በኋላ ነው። (መለኪያ የሌላቸው ዓይነቶችም አሉ፤ የእነሱ ልክ የሚታየው ዘይቱ የታዘዘለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ከሥር ባለው ቡሎን ነው።) ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ግሎ ኖሯል። እንጆሪ ወተት ከመሰለ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል፤ ታማሚው ራዲያተሩ ነውና እሱ ሳይሠራ አዲስ ካምቢዮ ቢገጠም አዲሱም ይከተላል። ከሥር ያለው የዘይት ሳህን ሲወርድ ማግኔቱ ላይ የሚገኝ ጥቂት ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ነገር ነው። የብረት ስባሪ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ስለ ማለቅ እናውራ።

ከዚያ ኮምፒዩተሩ አለ። በዕድሜ በገፉት ቶዮታዎች ላይ የኦቨርድራይቭ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች የብልሽቱን ቁጥር ትናገራለች። አንዲት ሶሌኖይድ ወይም አንድ የተበላ ሽቦ መኪናውን ማርሽ አልቀይርም ሊያሰኘው ይችላል። ለእሷ ተብሎ ሙሉ ካምቢዮ ይወርዳል።

«ኦቶማቲክ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚሉ አሉ። ሙቀቱ፣ ጭነቱ፣ ዳገቱ ነው ምክንያታቸው። ግን ያገለገለውን ካምቢዮ የምናስመጣው ከዱባይ አይደለም እንዴ? ዱባይ ከመተሐራ ይቀዘቅዛል ያለው ማነው? ዳገቱ እውነት ነው፤ ከአዳማ በዴራና በኢተያ አድርጎ አሰላ ለመግባት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,600 ሜትር ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከልኩ በላይ ጭኖ፣ ኦቨርድራይቭ ሳያጠፋ ያን ዳገት የሚወጣ፣ ዘይቱንም ለዓመታት ያልቀየረ ሰው ካምቢዮውን ሳይሆን ራሱን ይክሰስ። «የቆየ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ፍሪሲዮኑ ያለቀ ካምቢዮ አዲስ ዘይት አያድነውም፤ የገደለው ግን ለዓመታት ሳይቀየር የኖረው አሮጌው ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ያስጨንቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስመጣት እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ወጣ። እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ፒክአፕ ገና ብዙ ሊያገለግለን ነው። ደግሞስ የት ነው ያለነው? የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ነው የተከፈተው፤ ቆይቶም ለአገሪቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች መምህራን ያሠለጥን ነበር። መምህራኑ ከወጡባት ከተማ ውስጥ ካምቢዮ በግምት ሲፈረድበት ያሳፍራል።

ሆኖም መካኒኩን ብቻ መኮነን አይገባም። እኛ የምንከፍለው ለዕቃ ነው፤ ለማወቅ አንከፍልም። ሁለት ሰዓት መርምሮ «ሶሌኖይድ ናት» ያለውን ሻይ ጋብዘን እንሸኛለን፤ ካምቢዮ አውርዶ ካምቢዮ የሰቀለውን በሺዎች እንከፍላለን፤ ከዕቃ ሻጩም ድርሻ አያጣም። እንዲህ እያደረግን በጥንቃቄ የሚመረምር ሰው ከየት ይምጣ?

ጋራዦች የምርመራ ዋጋቸውን ለብቻው ይለጥፉ፣ እኛም ሳንከራከር እንክፈል። በምትኩ ፍርዱ በጽሑፍ ይሰጠን፤ የዘይቱ ልክና ቀለም፣ ከሳህኑ የተገኘው፣ ኮምፒዩተሩ ያወጣው ቁጥር ይጻፍ። «አልቋል» ተብሎ የወረደው ካምቢዮም ባለቤቱ ቆሞ እያየ ይፈታ።