ቃሏ ለጠፋባት ሕፃን ጥፋተኛ አትፈልጉ



አንዲት ሕፃን በጤና ተወለደች እንበል። በጊዜዋ ተቀመጠች፤ «እማ»፣ «አባ» ማለት ጀመረች፤ ዳቦ በእጇ ይዛ መብላት ለመደች። አንደኛ ዓመቷን ካለፈች በኋላ ግን የለመደቻቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። ዕቃ ትይዝባቸው የነበሩት እጆቿም ያለማቋረጥ እርስ በርስ መተሻሸት ያዙ። በብዙ ቤት ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ «ልጅቷ ምን አመማት?» ሳይሆን «ማን ምን አደረጋት?» የሚል ነው። ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ደግሞ ወደ እናት ነው። በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው፣ የደነገጠችበትና የሄደችበት ሁሉ ይቆጠርባታል። ይህ ልማድ ስህተት ብቻ ሳይሆን ልጅቷንም የሚጎዳ ነው እላለሁ።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሚያሳዩ ሕመሞች አንዱ ሬት ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ሕመሙ ከጻፉት ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ከአንድሪያስ ሬት ነው። ከ10 ሺህ ሴት ሕፃናት በግምት አንዷን ያጠቃል። መንስኤው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በዶክተር ሁዳ ዞግቢ የሚመራው ቡድን ሜክፒ-2 የተባለው ዘረመል ጉድለት እንዳለበት ባገኘ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት በእያንዳንዳቸው ውስጥ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል የሚሆን ዲኤንኤ አለ። ይህ ሁሉ በዓይን በማይታይ ቦታ የሚቀመጠው ክር በልቃቂት እንደሚጠቀለል በፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ነው። ዲኤንኤውና ፕሮቲኖቹ በአንድነት ክሮማቲን ይባላሉ። አጠቃለሉ የትኛው ዘረመል ተከፍቶ እንደሚሠራ፣ የትኛው ተዘግቶ እንደሚቆይ ለመወሰን ይረዳል። የአንጎልና የጉበት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩትም በዚህ መሰል ቁጥጥር ነው።

ከሜክፒ-2 ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን ከዚህ ሥራ ተካፋዮች አንዱ ነው። በዲኤንኤው ላይ ያሉ ኬሚካዊ ምልክቶችን እየለየ ይይዛል፤ ዘረመሎች በልካቸው እንዲሠሩም ያግዛል። በአንጎል የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ይገኛል። መጠኑም ከውልደት በኋላ፣ ነርቮች ግንኙነታቸውን በሚያጠናክሩበት ወቅት እያደገ ይሄዳል። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤነኛ የምትመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘረመሉ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የወረደ ሳይሆን በድንገት አዲስ የተፈጠረ ነው፤ በብዛትም የሚፈጠረው በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ይህን የምለው ጣቱን ከእናት ወደ አባት ለማዞር አይደለም። ማንም ተጠንቅቆ ሊከላከለው የማይችል ነገር ስለሆነ ጥፋተኛ የለውም። ክትባትም መንስኤው አይደለም። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ስለሚሰጥ ምልክቶቹ ከሚታዩበት ዕድሜ ጋር ይቀራረባል እንጂ ሕመሙን አያመጣም። ስለዚህ የልጆቻችሁን ክትባት አታቋርጡ።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር አድሪያን በርድ ቡድን ይህ ዘረመል ተዘግቶባቸው በታመሙ አይጦች ላይ ዘረመሉን መልሶ ሲከፍት፣ አብዛኞቹ ምልክቶች ተሻሽለዋል። ይህም የነርቭ ሕዋሳቱ እንዳልሞቱ አሳየ። በሰው ላይ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት ባይኖርም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቶቹን የሚያቀል ትሮፊኔታይድ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ልጃችሁ ትናገር የነበረውን ቃል ካጣች፣ በእጇ መያዝ ካቆመች፣ አረማመዷ ከተናጋ፣ ትንፋሿ ከተዛባ ወይም የሚጥል ሕመም ከታየባት «ስታድግ ይተዋታል» ብላችሁ አትጠብቁ። ያያችሁትን በስልካችሁ ቀርጻችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት፤ የሕፃናት ሐኪም እንዲያያትም ጠይቁ። የመስማት ችግር፣ ኦቲዝምና ሌሎች ሕመሞችም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው መለየት ያለበት ባለሙያ ነው። ጸሎትም ሆነ ጸበል ከሕክምና አያግዳችሁም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

የፊዚዮቴራፒ ክትትል መገጣጠሚያዎቿ እንዳይደርቁ ይረዳል። የሚጥል ሕመሟ መድኃኒት አለው። የአመጋገብ ድጋፍም ያስፈልጋታል። ከሁሉም በላይ አነጋግሯት። ብዙዎቹ ልጆች ቃል ቢያጡም የሚፈልጉትን በዓይናቸው ያመለክታሉ። ልጅቷን ከጎረቤት አትደብቋት፤ እናቷንም አትውቀሷት። ጥፋተኛ በመፈለግ የሚያልፈው ጊዜ ከልጅቷ ሕክምና ላይ የሚቀነስ ነውና።