ወጣቱ ፈረሰኛ ከኮርቻው እንዳይወርድ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ፈረስ ያልታየበት ሠርግም ሆነ ለቅሶ እንደ ጎደሎ ይቆጠራል። ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርሰው፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚጓዘው፣ በአንዳንድ ሥፍራም መሬቱን የሚያርሰው በፈረስ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በዓሉን ያከብራል።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ጸንቶ የሚኖረው በበዓሉ ድምቀት ብቻ አይደለም። ከአባቱ ቀጥሎ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ወጣት ሊኖር ይገባል። ዛሬ ወጣቱን ከፈረስ የሚያርቁት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ትምህርትና ሥራ ወደ ከተማ ይወስዱታል፤ መንገድ በገባበት ሁሉ ባጃጅ የፈረሱን ሥራ ይሻማል፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የዲከረንስ ተክል በመስፋፋቱም የግጦሽ መሬት ጠቧል። ዲከረንስ በከሰል ሽያጭ ለብዙ ገበሬ ገቢ ያስገኘ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጥቂት እንኳ ግጦሽ ሳያስቀር መሬቱን ሁሉ በተክል የሚሸፍን አባት ለልጁ ፈረስ ማውረስ እንደማይችል መዘንጋት የለበትም።

ወጣቱ በፈረሰኝነት እንዲጸና ከተፈለገ በበዓል ቀን መጋለብ ብቻ አይበቃውም። የሜዳ ግልቢያ በደቂቃዎች ያልቃል። በረጅም ርቀት ግልቢያ ግን ፈረሱን ወራት ሙሉ ያላሰናዳ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ ግልቢያ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ስፖርት ሲሆን፣ በከፍተኛው ውድድር በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጋለባል። መንገዱ ተከፋፍሎ በየማረፊያው የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን ይመረምራል። ያነከሰ ወይም የልብ ምቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወደተፈቀደው ልክ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ወደ 64 ያልወረደ ፈረስ ከውድድሩ ይወጣል። ጋላቢው ቀድሞ በመድረሱ ብቻ አያሸንፍም።

ለእኛ አገር ወጣት የሚጠቅመው ከርቀቱ ይልቅ ይህ ሥርዓት ነው። ማኅበሩ፣ የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ሐኪሞች ተባብረው ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚደርስ አጭር ጉዞ በማዘጋጀት ሊጀምሩ ይችላሉ። ሽልማቱም ፈረሱን ጤነኛ፣ ጀርባውን ያልቆሰለ፣ ሰኮናውን ያልታመመ አድርጎ ላደረሰ ወጣት ቢሰጥ፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ ፈረስን መንከባከብ እንደ ክብር ይቆጥሩታል።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የፈረስን የልብ ምት ለመቁጠር ጣትን ከመንጋጋው አጥንት ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ማሳረፍ ይበቃል። በ15 ሴኮንድ የተቆጠረው በአራት ሲባዛ የደቂቃው ይገኛል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከግልቢያ በኋላ ቶሎ የማይበርድለት ፈረስ ገና አልተሰናዳም ወይም ታሟል ማለት ነው። አጥንቱ ያልጠናውን ግልገል ፈረስ ለረጅም መንገድ አለመጫን፣ ርቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ ከጉዞ በኋላ እያዘገሙ ማብረድ፣ ኮርቻው የሚልጠው ቦታ መኖር አለመኖሩን በየጊዜው መመልከት ማንኛውም ወጣት ሊማረው የሚችል ነገር ነው።

አባቶችም ድርሻ አላቸው። ውርንጭላ ሲወለድ ለልጅ በስሙ መስጠት ልጁን ገና በለጋነቱ ባለቤትና ኃላፊ ያደርገዋል። ለፈረስ የሚበቃ ግጦሽ መከለል፣ በማሳ ዳር የመኖ ሣር መዝራት፣ ልጁ ከትምህርት ሲመለስ ፈረሱን እንዲያጠጣና እንዲጠርግ ማድረግ በየቤቱ የሚቻል ነው። ዕውቀቱ ያላቸው አንጋፋ ፈረሰኞች ዛሬ በየመንደሩ ስላሉ፣ ወጣቱን አጠገባቸው አድርገው ሊያሠለጥኑት ይገባል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰለፈው ፈረሰኛ ብዛት የሚወሰነው በቀሩት የዓመቱ ቀኖች በየበረቱ በሚሠራው ሥራ ነው።