በሰው ሜዳ የተገኘ የሜዳችን ድል

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። የሰው ሜዳስ ያደምቅ ይሆን? ውድ አንባብያን፣ እስቲ ዛሬ ስለዚህ ትንሽ እናውጋ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ነቀምቴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ተጨናንቀን ተቀምጠናል። ወንበር ያጣው ቆሟል፤ መቆሚያ ያጣው በመስኮት አንገቱን አስግጓል። ዋልያዎቹ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ይጫወታሉ። በ21ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆጤሳ አገባ። «ጋልቼ!» የሚለው ጩኸት ብርጭቆውን ሁሉ አንቀጠቀጠው። ገና ትንፋሻችን ሳይመለስ በ40ኛው ደቂቃ ሽመልስ በቀለ ደገመ። 2 ለ 0! ያውም ግብፅን! ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልነበረም የሚል ካለ ይበል፤ እኛ በዚያች ሰዓት ስለ ሳላህ የምናስብበት ልብ አልነበረንም።

ከዕረፍት በኋላ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የት ነው ጨዋታው?» አሉኝ።

«ማላዊ ነው አባ፤ ሊሎንግዌ።»

«እንግዳ ሆነን ሄደን ነዋ!»

«አይ አባ፤ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን።»

አዩኝ። ቀልድ መስሏቸው ፊቴን አጠኑት። ከዚያ «ታዲያ የኛ ቤት የት ሄዶ ነው?» አሉ።

የሰማ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ጨዋታው በ2 ለ 0 ድል አልቆ፣ በየመንገዱ እየጨፈርን ወደ ቤታችን ስንበተን ግን ጥያቄያቸው አብሮኝ ሄደ። እስከ ዛሬም አለቀቀኝም። እውነት ቤታችን የት ሄዶ ነው?

መልሱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ወይም ካፍ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። አንጋፋው የአዲስ አበባ ስታዲየምም እድሳት ላይ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር የነበረንን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ «በሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው፤ 1 ለ 1 ወጣን። ከግብፅ ጋር የነበረውን ደግሞ ሊሎንግዌ። መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ለኳስ ቤት ተከራይታ ኖረች ማለት ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሳነሳበት ይናደዳል። «አንተ ደግሞ! ሦስት ነጥብ ሦስት ነጥብ ነው። ማላዊ ተገኘ ባሕር ዳር ምን ለውጥ አለው?» ይለኛል። አባባሉ ከሠንጠረዥ አንፃር ትክክል ነው። ሠንጠረዥ ሜዳው የት እንደሆነ አይጠይቅም። እኔ ግን ኳስ ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም ባይ ነኝ። እንዲያውም የሜዳ ድል የሚባለው ነገር ለብቻው አንድ ነገር ነው፤ ከውጤቱ በላይ የሆነ ነገር።

እንዴት? ወደ ኋላ እንመለስ። በጥር 1954 ዓ.ም. በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈችው ይህችኑ ግብፅን ነበር። በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ያንን ቀን አያቶቻችን ሲያወሩት ከመንግሥቱ ወርቁ ጎል እኩል ስለ ስታዲየሙ ያወራሉ፤ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ግፊያው። ድሉን ያዩት ሰዎች የድሉ ባለቤት ነበሩ።

ሌላም ልጨምር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እኔ ገና የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብሔራዊ ቡድናችን ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሷል። በሰው አገር ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ግን ስንቅ ሆነውልናል። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃል። ደጋፊው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ስታዲየሙን ሞላው። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰዒድ ሁለት! በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። እኔ በጎረቤት ቴሌቪዥን ነው ያየሁት፤ የሚታወሰኝም ጎሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። ያ ድምፅ አብሮ ይጫወት ነበር። ሱዳኖች አሥራ አንድ ሰው ብቻ አልገጠሙም።

ሊሎንግዌ ላይ ያ ድምፅ የለም። ጎሉ ሲገባ የምንጮኸው እኛ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሻምቡ ሆነን ነው። ዳዋ ደግሞ እዚያ ማዶ ነው፤ አይሰማንም። ድሉን አገኘን እንጂ አብረን አላሸነፍንም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ነገሩ የብሔራዊ ቡድን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩም። ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር የባለሜዳና የእንግዳ ልዩነት ወረቀት ላይ ቀረ። የፋሲል ከነማ ደጋፊ በዚያው ዓመት ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላየም። ከፍተኛ ሊጉም እንዲሁ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ሲካሄድ ታይቷል። ነቀምቴ ከተማ በዚህ ሊግ ሲጫወት የቆየ ክለብ ነው። ታዲያ ክለቡ ሩቅ አገር ላይ ሲያሸንፍ እኛ ውጤቱን በስልክ እንሰማለን። «ስንት ለስንት?» «ሁለት ለአንድ።» «ማን አገባ?» «እሱን እንኳ አላውቅም።» በቃ። እንዲህ ነው ክለብ የሚደገፈው?

በሌላ በኩል ያለውን እውነት ልደብቅ አልፈልግም፤ ጋዜጠኝነት እየተማርን አንድ ወገን ብቻ መጻፍ ነውር ነው። ሊጉ ወደተመረጡ ከተሞች የሄደው በከንቱ አልነበረም። ኮሮና የ2012ቱን ውድድር አሰርዞ ነበር። የቴሌቪዥን ስርጭት ሲመጣ ደግሞ ካሜራው ሊሠራበት የሚችል ሜዳ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በስታዲየሞቻችን ደም ፈስሷል። በ2010 ዓ.ም. ወልድያና መቐለ ወልድያ ላይ ሊገናኙ በነበረበት ቀን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ኳስ ለማየት የወጣ ልጅ ሬሳው ከተመለሰ የሜዳ ድል ምን ያደርጋል? ስለዚህ «የሜዳ ጨዋታ ይመለስ» ስል የድሮው ጠብ አብሮ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ጓደኛዬ እዚህ ላይ ሲረታኝ አምኜ እቀበላለሁ።

ግን እኮ መድኃኒቱ ቤትን መዝጋት ሆኖ መቅረት የለበትም። ልጆች ተጣሉ ተብሎ ቤት አይሸጥም። ጸብ የሚቆመው ደጋፊ ሲታቀፍ፣ ሲመከር፣ አጥፊው ተለይቶ ሲቀጣ ነው።

ሜዳ ሲርቅ የምናጣውን ደግሞ ቁጭ ብለን እንቁጠረው። ጨዋታ ያለ ቀን ቆሎ የምትሸጠው ልጅ፣ ባጃጁ፣ ሻይ ቤቱ፣ አልቤርጎው ሁሉ ያገኛሉ። ይህ ቀረ። የበለጠው ኪሳራ ግን በልጆቹ ላይ ያለው ነው። ነቀምቴ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ አቁማችሁ የአርሴናልን አሰላለፍ ጠይቁት፤ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ ይዘረግፍላችኋል። የከተማውን ክለብ አምበል ጠይቁት፤ ዝም ይላል። እኔ አልፈርድበትም። አርሴናልን በየሳምንቱ ያየዋል፤ የከተማውን ክለብ አያየውም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። እኔ ራሴ የማንቸስተር ደጋፊ ሆኜ ያደግሁት በዚሁ መንገድ ነው!

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ አንድ ደጋፊ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስታዲየም ሲባል ግዙፍ ኮንክሪት ብቻ አይታየን። ካፍ የሚመለከተው የሣሩን ጥራት፣ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍሉን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ መብራቱን፣ የተመልካች መቀመጫውን፣ መጸዳጃ ቤቱን ነው። ዙሪያውን ገንብቶ ውስጡን መተው ግድግዳ አቁሞ ጣራ እንደመርሳት ነው። በወለጋ ከተሞችም ትንሽም ብትሆን በወጉ ያለቀች ሜዳ ትሻለናለች።

ሁለተኛ፣ የሊጉ አዘጋጆች ሁሉንም ጨዋታ መመለስ ባይችሉ እንኳ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ጥቂት ጨዋታ በከተማው የሚያደርግበትን መላ ይፈልጉ። አንድ የሜዳ ድል ያየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። አዎ፣ የዚህን ትምህርት ክፍል ተማሪዎች። ማላዊ ላይ የተደረገውን ጨዋታ «ኢትዮጵያ በሜዳዋ አሸነፈች» ብሎ የጻፈ ሰው ውሸት አልጻፈም፤ ግማሽ እውነት ግን ጽፏል። «ሜዳዋ ስለታገደ ሊሎንግዌ ላይ» የሚለው ቀሪው ግማሽ ነው። ያ ግማሽ በየዜናው ቢደጋገም ኖሮ የሚመለከተው ሰው ያፍር ነበር። ደግሞስ የሰፈርና የትምህርት ቤት ውድድሮችን ማን ይመዝግብ? ቀኑን፣ ውጤቱን፣ ያገባውን ልጅ ስም በደብተር እንያዝ። ዛሬ ነቀምቴ ሜዳ ላይ ያገባውን ልጅ ስም የምንጽፍለት እኛ ካልሆንን ማንም አይጽፍለትም።

ከዚያ ከግብፁ ድል በኋላ የማጣሪያው ጉዞ አላማረልንም፤ ለአፍሪካ ዋንጫው ሳናልፍ ቀረን። ሰውም ውሎ አድሮ ረሳው። የ1954ቱን ግን ስልሳ ዓመት አልፎትም ሰው ያወራዋል። በዋንጫው ብቻ አይመስለኝም። ያኛው የተደረገው ቤታችን ነበር።

ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ባገኛቸው መልስ ባይኖረኝም አንድ ነገር ልላቸው እፈልጋለሁ፤ «አባ፣ ቤታችን የትም አልሄደም፤ ጣራው ስላለቀ ነው ጎረቤት ያደርነው። ጠግነን እንመለሳለን።» ያን ቀን ቲኬታቸውን የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ።

ቸር ያሰንብተን!