ትራኮማ የጎዳው ዓይንና ፋይዳ

ፋይዳ ለተባለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው የአሥር ጣቱን አሻራ፣ የፊቱን ፎቶና የሁለት ዓይኑን አሻራ ሰጥቶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይቀበላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናውን ይህን ሥራ እደግፋለሁ፤ ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አጥቶ ከባንክ ደጅ የተመለሰ ስንቱ ነው! የሚያሳስበኝ የዓይኑ ነገር ነው።

የዓይን አሻራ የሚነሳው በዓይናችን መሃል ባለችው ጥቁር ክብ ዙሪያ ካለው ባለቀለም ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ ያለው ቅርጽ የመንትዮች እንኳ አይመሳሰልም፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ዓይንም ይለያያል። ካሜራው ይህን ማንበብ የሚችለው ግን በላዩ ያለው መስታወት መሰል ሽፋን ጥርት ያለ እንደሆነ ነው። የትራኮማ ሸክም ከዓለም ሁሉ የከበደባት አገር ደግሞ የእኛዋ ናት። በሽታው ሲመላለስ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይንን ሲፍቅ ይከርምና ነጭ ጠባሳ ይጥልበታል። ሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በሽታው የሚበዛባቸውን ሕፃናት የሚያቅፉት፣ ዓይናቸውን የሚጠርጉላቸው እነሱ ናቸውና። የእነዚሁ እናቶች ጣት በእንጨት ለቀማና በአጨዳ ብዛት አሻራው ጠፍቶ ይገኛል።

ዓይንና ጣት ባይሠሩ ፊት አለ ይባል ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች ፈትሸው ነበር። በጥቁር ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ በነጭ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ፊት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር፣ ጣት ወይም ዓይን የጎደለውን ሰው በልዩ ሁኔታ መዝግቦ ማለፍ ያስችላል። ስለዚህ መንገዱ አለ። ችግር የሚሆነው ከመሣሪያው ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ወይም ሳይፈልግ ሲቀር ነው። ጎረቤት ሁሉ በመልኳ የሚያውቃትን እናት «ሲስተሙ አልተቀበለዎትም» ብሎ መመለስ በደል ነው።

መዝጋቢዎች ሆይ፣ ዓይናቸው አልነበብ ያላቸውን እናት ሳትመዘግቡ አትሸኙ። የባንክ ሠራተኞችም አሻራቸው አልሠራ ያላቸውን ባለጉዳይ በምን እንደምታስተናግዱ ከወዲሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ በሚሰሙት ቋንቋም ንገሯቸው።