«ርካሽ» ለማን?

ሜኒው ላይ ያለው አራት ነገር ብቻ ነው። አራቱም ታኮ ናቸው፤ ሦስቱ የበሬ ሥጋ፣ አንዱ የአሳማ። እንደ ልብ ተዘርግተው የሚቀመጡበት ቦታ የለም፤ «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የሚመጣ አስተናጋጅም የለም። ባንኮኒው ላይ ታዛላችሁ፣ በፕላስቲክ ሳህን ይሰጣችኋል፣ ቆማችሁ ትበላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ኤል ካሊፋ ዴ ሊዮን ማለት ይኸው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሳን ራፋኤል በሚባል ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ያለች፣ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ የሆነች የታኮ ቤት።

ይቺ ቤት ናት እንግዲህ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የሚሽሊን ኮከብ ያገኘችው። አዎ፣ ጎማ የሚሠራው ሚሽሊን። በ1900 ባለመኪናዎች ብዙ እንዲነዱ (ጎማቸውም ቶሎ እንዲያልቅ) ተብሎ የተጀመረ የመንገድ መጽሐፍ፣ ዛሬ የዓለምን ሼፎች የሚያስለቅስና የሚያስጨፍር ዳኛ ሆኗል። የጎማ ነገር! የሜክሲኮ እትሙ ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያው ነበር። ኮከብ ያገኙት 18 ቤቶች ሲሆኑ፣ እነ ፑጆልና ኪንቶኒልን የመሳሰሉ ስመ ጥሮች በተደረደሩበት ዝርዝር ውስጥ የቆመው የታኮ ቤት አንድ ብቻ ነው።

ሥጋ ጠባሹ አርቱሮ ሪቬራ ማርቲኔዝ ይባላል። ሥራው ሲታይ የሚደበቅ ነገር የለውም። ስሱን ሥጋ የጋለው ብረት ላይ ጣል ያደርጋል፣ ቆንጠር አድርጎ ጨው፣ ከዚያ ግማሽ ሎሚ ጭምቅ። የበቆሎው ቂጣ፣ ቶርቲላው፣ እዚያው ከጎኑ ይነፋል። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ይገለበጣሉ፤ ሥጋው ቂጣው ላይ ያርፋል፤ አለቀ። ቀዩን ወይ አረንጓዴውን ሳልሳ (የኛን ዳጣ አስቡት) ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ስመ ጥሩ ታኮ ጋዮኔራ የተሰየመው በበሬ ተፋላሚው ሮዶልፎ ጋዮና ነው፤ የቤቱም ስም ከእሱ ቅጽል ስም የመጣ ነው። የሚሽሊን ሰዎች ኮከቡን ሲያበስሩ ለአርቱሮ ወፍራም፣ እጅጌ ሙሉ፣ ነጭ የሼፍ ልብስ ይዘውለት መጥተው ነበር። አልለበሰውም። ብረቱ 360 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ጠባብ ቤት ውስጥ ማን ካፖርት ይለብሳል? እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የወደድኩት ይህችን ናት።

ያልወደድኩትን ልንገራችሁ። ወሬው ዓለምን ሲዞር «የድሃ ምግብ ኮከብ አገኘ»፣ «በዓለም ርካሹ የኮከብ ምግብ» እየተባለ ነበር። ቆይ፣ ርካሽ ለማን? ያን ጊዜ አንዱ ታኮ ወደ 5 ዶላር ይጠጋ ነበር። በዚያው በ2024 የሜክሲኮ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ 248.93 ፔሶ ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 15 ዶላር ገደማ። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሦስት ታኮ የአንድ ሰው የቀን ደመወዝ ነው። አንድ ታኮ ደግሞ ሆድ አይሞላም፤ ያገሩ ሰው ሦስት አራት ነው የሚበላው። በሜክሲኮ ሲቲ የታኮ ገበያ ይቺ ቤት ድሮም ውድ ከሚባሉት ነበረች። «ርካሽ» የሚለው ቃል የተጻፈው ከአውሮፕላን በወረደ ሰው ኪስ ተለክቶ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነበር። እዚህ ጋ ማንም የጠየቀ አይመስልም።

ኮከቡ አይገባቸውም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ይገባቸዋል! ከሃምሳ ዓመት በላይ አራት ነገር ብቻ እየሠሩ መቆየት ቀልድ አይደለም። እኛ ከተማ ከላዛኛ እስከ ክትፎ የተደረደረበት ስምንት ገጽ ሜኑ ይሰጣችሁና ግማሹን ስታዙ «አልቋል» ትባላላችሁ። አራት ነገር ብሎ አራቱንም አሳምሮ ማቅረብ ድፍረት ነው። ውድ ቢሆኑም በሥጋው ጥራት ነውና ያስከፍሉ፣ ምን አለበት? እኔን የከነከነኝ ሰዎቹ ሳይሆኑ ወሬው ነው። «ርካሽ ነው» የተባለ ነገር ዋጋው ሲጨመር ማንም አያዝንለትም። ለቱሪስቱ ከ5 ወደ 8 ዶላር ቢሄድ አሁንም ርካሽ ነው። በምሳ ሰዓት ከጎን ሱቅ ብቅ ብሎ በአሥር ደቂቃ በልቶ የሚመለሰው ሰው ግን መጀመሪያ ሰልፉ ያባርረዋል፣ ቀጥሎ ዋጋው።

ይህ የኔ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 እዚያው ከተማ ኮንዴሳና ሮማ በሚባሉት ሰፈሮች ሰዎች አደባባይ ወጥተው ነበር። በዶላር እየተከፈላቸው ከውጭ የመጡ ነዋሪዎች የቤት ኪራዩን ሰቀሉብን ብለው ነው። ከቅሬታዎቹ መሀል አንዷ፣ ለእንግዶቹ ተብሎ የታኮ ቤቶች ሳልሳ ማቃጠል አቆመ የምትል ናት። ለሰሚው ቀልድ ትመስላለች። የበርበሬ አገር ልጅ ግን ይገባታል፤ ዳጣው ለሌላ ሰው ምላስ ሲለዝብ ቤቱም የሌላ ሰው እየሆነ ነው።

እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ነገር ሜክሲኮ ባዕድ አይደለችም። ጣሊያን ሲወርረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚልበት አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው፤ እነሱም ጋ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ። በቆሎውም በርበሬውም መነሻቸው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር እርጥብ ነው። ድንችና ቃሪያ በዳቦ፣ ቆሞ የሚበላ፣ ተማሪ ያሳደገ ምግብ። አንድ ባለስልክ መጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ «በዚህ ዋጋ አታምኑም!» ይላል፣ በሳምንቱ መኪና የያዘው ሁሉ ይሰለፋል። ዋጋው ያው ተከትሎ ይወጣል። ሻጯ ብታተርፍ እሰየው፤ ትርፉ መጀመሪያ የእሷ ይሁን። ግን ቀራጩ «በዚህ ዋጋ» ከማለቱ በፊት እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመችውን ተማሪ «ላንቺስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት ሁለት ደቂቃ አይወስድበትም ነበር።

የኤል ካሊፋን ዜና እንድጽፍ እኔ ብታዘዝ ኖሮ ርዕሱን አልነካውም፤ ኮከብ ኮከብ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን አንድ መስመር አስገባ ነበር፦ «ሦስቱ፣ የአንድ ቀን ዝቅተኛ ደመወዝ።»